የ9ኛ ክፍል መምህር አስተርጓሚ ነው፤ ያሠለጠነው ግን የለም

ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት፣ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ። ከኋላ ወንበር ተቀምጫለሁ። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግማሹ ተማሪ እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ነው የሚሰማው። መምህሩ የቆየ ጓደኛዬ ነው። መጽሐፉን ገለጠና አነበበ፦ «ዘ ሴል ሜምብሬን ኢዝ ሴሌክቲቭሊ ፐርሚየብል።»

ቀና ብሎ አያቸው። ክፍሉ ጭጭ።

«እሺ፣ የግቢ ዘበኛ ታውቃላችሁ አይደል? ዘበኛ ሁሉንም ሰው ዝም ብሎ አያስገባም። የሚያውቀውን እለፍ ይለዋል፣ የማያውቀውን ደግሞ ወዴት ነህ ብሎ ያቆመዋል። ሴል ሜምብሬን ማለት ዘበኛ ነው።» ክፍሉ ሳቀ። «ገብቷችኋል?» «አዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረና በእንግሊዝኛ ሾርት ኖት መጻፍ ጀመረ። ልጆቹም ቃል በቃል መገልበጥ ጀመሩ። የሳቁበት ዘበኛ ደብተራቸው ላይ የለም። ደብተራቸው ላይ ያለው ደግሞ ያልሳቁበት ነው።

ጓደኛዬ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የሠራው ሥራ ስም አለው። ማስተርጎም ይባላል። አስተርጓሚ ሲባል ግን ብዙዎቻችን የሚታየን አፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ውስጥ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ መስታወት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። እንጂ ከመንዝ እስከ መርሐ ቤቴ፣ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ፊዚክሱንም ጂኦግራፊውንም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲያመላልስ የሚውለው መምህር አይደለም። በቁጥር ከሄድን ግን የአገሪቱ ትልቁ የአስተርጓሚ ሠራዊት እሱ ነው። ደሞዙ የመምህር፣ ሥልጠናው የመምህር፣ የሚፈረድበትም እንደ መምህር ነው። የማስተርጎም ሥልጠና የሰጠው ማንም የለም።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገ። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ልጁ እንግዲህ ስለ ፎቶሲንተሲስ በአማርኛ ሲማር ቆይቶ አንድ ክረምት ያልፋል፤ መስከረም ላይ ሲመለስ ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። በአንድ ክረምት! ልጁ ያንን ክረምት ምናልባት ሲያርም ነው የከረመው።

ካናዳዊው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት ያነሳው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሁለተኛ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ የጨዋታውን፣ የሰላምታውን፣ የገበያውን ቋንቋ በአንድ ሁለት ዓመት ሊይዘው ይችላል። የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ ለመያዝ ግን 5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ልብ በሉ፣ ይሄ ቋንቋው በየመንገዱ በሚነገርበት አገር የተጠና ነው። እኛ ጋ እንግሊዝኛው ከክፍል ከወጣ የሚገኘው ቲሸርት ላይና ስልክ ላይ ነው።

የንባብ ጥናቶች ደግሞ ሌላ መለኪያ አላቸው። አንድን ጽሑፍ ያለ ሰው እገዛ አንብቦ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98ቱን ገደማ ማወቅ ያስፈልጋል ይላሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ አንዷን የሰፈሬን ልጅ ከባዮሎጂ መጽሐፏ አንድ ገጽ ወስዳ የማታውቀውን ቃል በእርሳስ እንድታሰምርበት ጠየቅኳት። ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ደረጃ ትወጣለች። ገጹ ነጠላ ጥለት መስሎ ተመለሰ። የሚገርመው የባዮሎጂው ቃል አይደለም ያስቸገራት። ሴሉን፣ ኒውክለሱን ታውቃለች። ያሰመረችበት «ዌርአዝ»፣ «ዱ ቱ»፣ «ሬስፔክቲቭሊ» የሚሉትን ነው። ማንም መምህር ቆሞ የማያስረዳቸውን ትንንሾቹን ማያያዣዎች።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ሁላችንም ሰምተናል። በ2015 ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ይሄ ሁሉ የቋንቋ ጥፋት ነው ልል አይደለም። በጸጥታው ችግር ወር ሙሉ የተዘጋው ትምህርት ቤት አለ፣ የተሰደደ መምህር አለ፣ ባዶ ቤተ ሙከራ አለ። ግን ወረቀቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ዘበኛውን በደንብ የሚያውቅ ልጅ «ፐርሚየብል» የምትለዋን ወይም ጥያቄው መጨረሻ ላይ የተሰነቀረችዋን «ኤክሴፕት» ዘሎ ካለፋት አለቀ። እውቀቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መድኃኒት «በእንግሊዝኛ ብቻ አስተምሩ» የሚል ነው። እኔም ቀምሼዋለሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ሱፐርቫይዘር መጣ ተባለና አርባውን ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ ነዳሁት። ላብ በላብ ሆንኩ። ቅጹ ላይ ጥሩ ነጥብ ተሞላልኝ፣ «የማስተማሪያ ቋንቋ አጠቃቀም» የሚለው ጋ በተለይ። ሰውየው ሲወጣ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዛሬ ምን ተማርን?» አለኝ። አሽሟጥጦ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ እንደ ሁሉም ሰው ሆንኩ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ እንግሊዝኛ፣ ሲሄድ አማርኛ። ይህን የማያውቅ ርእሰ መምህር የለም፣ የማያውቅ የወረዳ ባለሙያም ያለ አይመስለኝም። አማርኛ በክፍል ውስጥ እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ነው። ሁሉም ያሳልፈዋል፣ ማንም አላየሁም ይላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ በድብቅ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ሥልጠና አይሰጥበትም። «አማርኛን እንዲህ አድርገህ ተጠቀምበት» ብሎ የሚያስተምር ኮርስ እንዴት ይኖራል፣ አትጠቀም እየተባለ?

ዓለም ላይ ግን ክርክሩ ቆይቷል፣ ፈቀቅም ብሏል። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቡትስካም ለዓመታት የተሟገተለት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፣ ሳንድዊች ይባላል። መምህሩ በውጭ ቋንቋው ይላል፣ ወዲያው በልጆቹ ቋንቋ ትርጉሙን ጣል ያደርጋል፣ ወዲያው ደግሞ በውጭ ቋንቋው ይደግመዋል። እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ። መሐሉ ላይ ያለችው አማርኛ አጭር ናት፣ ትርጉሙን አቀብላ ትወጣለች።

የእኛ ክፍል ሳንድዊች አይደለም፣ ፍርፍር ነው። ሁሉም ተደባልቆ ይቀርባል። «ስለዚህ ኢነርጂው ትራንስፈር ሲደረግ ኢንክሪዝ ያደርጋል ማለት ነው።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ልጁ እንግሊዝኛ ሰማ ወይስ አማርኛ? ሁለቱንም አልሰማም። ፍርፍር እወዳለሁ፣ ቁርስ ላይ።

ከሁሉ በላይ የሚጎድለው መመለሻው ነው። ጓደኛዬ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ አመጣው፣ ያውም በሚያምር መንገድ። አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ግን የለም። ካናዳ ውስጥ ፈረንሳይኛ ለዓመታት በማስተማሪያነት የተማሩ ልጆችን ያጠናችው ሜሪል ስዌን በ1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጻፈችው ይህንኑ ነው። ልጆቹ ሲሰሙ ግሩም ነበሩ፤ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ይወድቃሉ። ለምን ቢባል፣ መስማት ብቻ አይበቃም። ሰው ራሱ ዓረፍተ ነገር ለመሥራት ሲገደድ ነው የጎደለውን የሚያየው።

ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ቅኔ ቤት እኮ የውጭ ቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። ግእዝ በቤቱ የሚናገር፣ ገበያ ላይ በግእዝ የሚከራከር የለም። ተማሪው ግን ግሱን ከያዘ በኋላ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይጨነቃል። ቆጥሮ ሲጨርስ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ የኔታም እዚያው ያርሙታል። የትላንቱን መድገም አይፈቀድም፣ የጓደኛውንም መውሰድ አይቻልም። ትርጓሜ ቤት ሲገባ ደግሞ የግእዙ ንባብ ይቀድማል፣ አማርኛው «አንድም» እያለ ይከተላል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ንባብ። ግእዙና አማርኛው ድንበራቸውን አይለቁም። ሳንድዊች ለማለት ካልፈለጋችሁ አንድምታ በሉት፣ እኔ ግድ የለኝም።

የመምህራን ሥልጠናው ጋ እንምጣ። አሜሪካዊው ዳን ሎርቲ ያለው ነገር አለ፦ መምህር ወደ ማሠልጠኛ ከመግባቱ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ መምህራንን ሲያይ ኖሯል። ኮሌጅ የሚነግረውን ይረሳል፣ ያየውን ይደግማል። ዛሬ ሰሌዳ ላይ ሾርት ኖት የሚጽፍ መምህር ሾርት ኖት ተጽፎለት ያደገ ነው። የማስተማር ዘዴ ኮርሱም አያድነውም። ብዙ ጊዜ ኮርሱ ራሱ «ተማሪ ተኮር ትምህርት ማለት» ብሎ የሚጀምር የሁለት ሰዓት ሌክቸር ነው፤ ሠልጣኙም ስለ ተማሪ ተኮርነት ሾርት ኖት ገልብጦ ይወጣል።

ሙከራ አልጠፋም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራኑን እንግሊዝኛ ለማሻሻል የተጀመረ አገር አቀፍ ፕሮግራም ነበር፣ ብሪቲሽ ካውንስልም ይደግፈው ነበር። በ1997 ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ወረደልን። አርባ ደቂቃ ከሆነው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ቴሌቪዥኑ ይወስዳል፣ መምህሩ ለመግቢያና ለመውጫ ትንሽ ደቂቃ ይተርፈዋል። በዚያች በተረፈችው ደቂቃ ምን ሲያደርግ ነበር? ያስተረጉም ነበራ! ቴሌቪዥኑ ላይ የምታስተምረው ሴትዮ በፍጥነት ያለችውን ሁሉ በአማርኛ ጨምቆ ለማቀበል ይሮጥ ነበር። የፕላዝማ ትውልድ የሆናችሁ ታስታውሱታላችሁ።

እዚህ ላይ የባለሙያ አስተርጓሚዎችን ሥራ መመልከት ይጠቅማል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ለዚህ ሩቅ አያስኬድም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ተመርቋል፣ ከዚያ ውጭም ከተማው ዳር ፋብሪካ ሞልቷል። ከቻይና ባለሙያ ጎን የሚቆም፣ ቋንቋውን እየሠራ የለቀመ ወጣት አታጡም። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ካፌ ቁጭ ብለን ያጫወተኝን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ያሰቃየው ቁጥር ነው። ቻይንኛ አሥር ሺህ ላይ ሲደርስ እንደ እኛ በሺህ አይቆጥርም። አሥር ሺህ የራሱ ስም አለው፣ ዋን ይባላል። መቶ ሃምሳ ሺህ ለማለት አሥራ አምስት ዋን ነው የሚሉት። ልጁ «አሥራ አምስት» የምትለዋን ሲሰማ አፉ ላይ የመጣለት «አሥራ አምስት ሺህ» ነው። በአንዲት ቃል አንድ መቶ ሠላሳ አምስት ሺህ ብር ጠፋ።

ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ለዋን ትክክለኛ አቻ አለን፣ ረስተነው ነው እንጂ። እልፍ! የግእዝ ቁጥር ውስጥ ለሺህ የተለየ ምልክት የለም፣ ለእልፍ ግን ፼ አለች። አሥራ አምስት እልፍ ቢል ኖሮ ሳይሰናከል ያልፍ ነበር። ልጁ ነገሩን ሲሰማ ናፕኪን ላይ ጻፋት።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ሰላ ድንጋይ አካባቢ ለውጭ እንግዶች ሳስተረጉም፣ እንግዶቹ ነገ «አት ቴን» እንገናኝ አሉ። እኔም ደክሞኝ ነበርና ለገበሬዎቹ «አሥር ሰዓት» ብዬ አሳለፍኩ። ፈረንጆቹ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ። ገበሬዎቹ አሥር ሰዓት ላይ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከች አሉ። ስቆጣ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ አሥር አልክ፣ አሥር መጣን» አሉኝ። ምን ይመለሳል? ሰዓት፣ ቀን፣ ዓመት፣ ቁጥር፤ አስተርጓሚ የሚወድቀው ከባድ ቃል ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

የአማርኛ ነገር ደግሞ ግሡ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። «ሠራተኞቹ ትናንት መብራት በመጥፋቱ ምክንያት የተቋረጠውን ሥራ ዛሬ ማታ ገብተው ለመጨረስ ፈቃደኞች» እስኪባል ድረስ አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ናቸው ይሁን አይደሉም የሚታወቀው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ያንን ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ መቆየት አለበት። በትልልቅ ስብሰባዎች በአንድ ጊዜ የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች 20 እና 30 ደቂቃ እየሠሩ የሚፈራረቁት በዋዛ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ስሕተቱ ይበዛል፣ ራሳቸውም አይታወቃቸውም። የፋብሪካው ልጅ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ነው። የእኛም መምህር በቀን አምስት ስድስት ክፍለ ጊዜ።

ፍርድ ቤት ሲሆን ጉዳዩ ሕይወት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 7 ላይ፣ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ኦሮምኛም አርጎብኛም አፋርኛም የሚሰማበት ጠረፍ ያለው ዞን ነው። «ቋንቋውን የሚችል አለ?» ተብሎ ከታዳሚ መሐል የተነሣ ሰው ሲያስተረጉም አይቻለሁ። ሰውየው ቅን ነበር። ተከሳሹ ለአምስት ደቂቃ የተናገረውን «አላደረግኩም ነው የሚለው» ብሎ ቋጨው።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ታሪክ አላት፣ ያውም ታሪኩ ከእኛው ደጅ ይጀምራል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 አንጎለላ ላይ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪስ ጋር ሲዋዋሉ በቋንቋው በኩል የረዳው ሚሲዮናዊው ክራፕፍ ነው፤ አንኮበር ተቀምጦ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ያጠና ሰው። ከአንኮበር ጥቂት ወረድ ብሎ ያለችው ልጥ ማረፊያ ከ1869 ገደማ ጀምሮ የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ሰፈር ነበረች። የውጫሌውን ውል የተደራደረው አንቶኔሊም ሸዋ ውስጥ ዓመታት ኖሯል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ ጣታችንን አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ላይ እንቀስራለን። ተንኮል ይሁን ስሕተት ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበት። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ጣልያንኛውን ወስዶ፣ አማርኛውን ሳያይ፣ መልሶ ወደ አማርኛ የሚገለብጥ አንድ ሦስተኛ ሰው ቢኖር አንዲት ከሰዓት ነበር የሚፈጅበት። ዛሬ ውል የሚተረጉሙ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ መልሶ መተርጎም ይሉታል።

የዘበኛው ክፍል የጎደለውም ያው መመለሻ ነው። መምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ብቻ ለዚህ ቢሰጥ ብዬ አስባለሁ። አስተርጓሚዎች የሚለማመዱት ልምምድ እኮ ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስት ደቂቃ ስማ፣ ደብተርህን ዝጋ፣ በሌላ ቋንቋ መልሰህ ተናገር። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ቆርጠህ በቀላል እንግሊዝኛ በለው። ቁጥርና ሰዓት ለብቻው ያዝ። ከዚያ ጓደኛህ ያልከውን መልሶ ይተርጉምልህ፣ ምን እንደጠፋ አብራችሁ እዩ። ሠልጣኙ ስለ እንግሊዝኛ ከሚያነብ በእንግሊዝኛ ቢጨነቅ ይሻለዋል። እርግጥ ለዚህ ሲባል መጀመሪያ ላይ አማርኛ ክፍል ውስጥ እንዳለ ማመን ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ለቢሮዎች ከገንዘቡ በላይ ሳይከብዳቸው አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ለክታ ነበር። አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲደረግ መልሱ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። በራሷ ቋንቋ የምትማር ልጅ ሦስት ሰከንድ ካስፈለጋት በእንግሊዝኛ የምትመልሰዋ ስንት ያስፈልጋት ይሆን?

ለጓደኛዬ ይህንን ሁሉ ሻይ ላይ ስዘበዝብለት ሰለቸው መሰለኝ፣ «እሺ ነገ ናና እይ» አለኝ። ሄድኩ። ዘበኛውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ከለሰው። «ገብቷችኋል?» አላለም። «ናው ቴል ሚ ኢን ኢንግሊሽ» አለና ጠመኔውን አስቀመጠ። ክፍሉ ጭጭ አለ። እሱም ጭጭ አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ ተጨነቅሁለት፣ ከሦስት ሰከንድ በጣም ያልፋል። መስኮቱ ጋ የተቀመጠች ልጅ እጇን ከብብቷ አወጣች።

«ሜምብሬን ኢዝ... ኢዝ ዘበኛ። ኢት ሌት ኢን ዋተር። ቢግ ሞለኪውል፣ ኖ።»

ልጆቹ ሊስቁባት ሲሉ ዞር ብሎ አያቸው። «ሌትስ» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«ኢት ሌትስ ኢን ዋተር» አለች። ሰሌዳው ላይ የጻፈው የእሷን ዓረፍተ ነገር ነበር፣ «ዘበኛ» የምትለዋን እንዳለች ትቶ።